ሐኪም ስለ ሌሊቱም ይጠይቅ

በምሥራቅ ጎጃም አንድ ጤና ጣቢያ ለደም ግፊት ክትትል የሚመጣ ታካሚ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ያውቀዋል። መድኃኒቱን አላቋረጠም ወይ? ጨው ቀንሷል ወይ? አረቄውን ትቷል ወይ? ግፊቱ ይለካል፣ ቁጥሩ በካርዱ ላይ ይሰፍራል፣ ቀጠሮ ተሰጥቶት ይሄዳል። ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር የሚጠይቀው ግን እምብዛም የለም። አብራው የመጣችው ሚስቱ ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። እሷ ብትጠየቅ የምትናገረው አላት። ሲያንኮራፋ ቤቱን ያናጋዋል። መሀል ላይ ድምፁ ድርግም ይላል። ትንፋሹ የቆመ መስሏት ስትነቀንቀው ብንን ብሎ አየር ይስባል፤ ከዚያ መልሶ ያንኮራፋል። እንዲህ እያለ ይነጋል።

ይህ በየመንደሩ የሚወራ ነገር በሕክምናው ዓለም በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ ይባላል። ሰው ሲተኛ ጉሮሮን ከፍተው የሚይዙት ጡንቻዎች ይላላሉ፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ የአየሩ መተላለፊያ እስኪደፈን ድረስ ይላላሉ። ትንፋሹ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ እየቆመ ወይም እየደከመ በአንድ ሰዓት ውስጥ 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተደጋገመ ችግሩ አለ ይባላል። መተላለፊያው በተዘጋ ቁጥር በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ ሰውነት በድንጋጤ አድሬናሊን ይረጫል፣ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ሁለትና ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ጥፋቱ ሁልጊዜ የጨው ወይም የቸልተኝነት አይደለም። ምክንያቱ ማንም ያልጠየቀው ሌሊት ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ የማይጠይቀው ስለማይገደው አይደለም። ስላልተማረው ነው። በ12 አገሮች የሚገኙ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን የዳሰሰና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ የሕክምና ተማሪ በጠቅላላ የትምህርት ዘመኑ ስለ እንቅልፍ የሚማረው በአማካይ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያነሰ ነው። መልስ ከሰጡት ትምህርት ቤቶች ከአራቱ አንዱ ያህል ጭራሽ አያስተምሩም። ሰው ከዕድሜው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው፤ ሐኪሙ ስለዚያ አንድ ሦስተኛ የሚያውቀው የአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ከምርቃት በኋላ የሚሰጥ ተከታታይ ትምህርት ነው፤ በባለሙያው አፍ ሲፒዲ የሚባለው። ይህ ትምህርት ለጎጃም ደጋ እንዲበጅ ከተፈለገ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ማሰብ ይገባል።

መጀመሪያ ማን እንደሚማር እንወቅ። የቤተሰብ ሐኪም የሚባለው ባለሙያ አንድ የአካል ክፍል ላይ የተወሰነ አይደለም፤ ሰውን ከነቤተሰቡ፣ ከሕፃንነቱ እስከ እርጅናው የሚከታተል ነው። የአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1947 ሲቋቋም አባላቱ በየሦስት ዓመቱ 150 ሰዓት እንዲማሩ ግዴታ ጥሎባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ደግሞ እዚያ ያለ የቤተሰብ ሐኪም ተጨማሪ ሠልጥኖና ተፈትኖ በእንቅልፍ ሕክምና የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት ይችላል። በኢትዮጵያ ዘርፉ ገና ለጋ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲን በ2005 ዓ.ም በ7 ሐኪሞች ጀመረ፤ ከካናዳው የቶሮንቶና ከአሜሪካው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ መምህራን አገዙት፤ የመጀመሪያዎቹ በ2008 ዓ.ም ተመረቁ። በእጅ ጣት እየተቆጠሩ የሚወጡ ሐኪሞች ቢቸናንና የጁቤን የመሰሉ የጎጃም ከተሞች እስኪደርሱ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም ዋና ከተማ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የቤተሰብ ሐኪሙን ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪሙ፣ በጤና ጣቢያ ጤና መኮንኑና ነርሷ፣ በቀበሌ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ሕዝብ ያገለግላል ተብሎ ነው የተቀየሰው። የእንቅልፍም ሆነ የመከላከል ትምህርት እነዚህን ሰዎች ካላገኘ ሕዝቡን አላገኘም ማለት ነው።

ለመከላከል ሕክምና አገራችን እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከጨረሰ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። በሽታ ሆስፒታል ደጃፍ ሳይደርስ ሄዶ መግጠም የሚለው ሐሳብ እዚህ አገር የተተከለው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው፤ በየቀበሌው ሁለት ወጣት ሴቶች ተመድበው ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ አጎበር ቤት ለቤት አስተማሩ።

አሁን ግን በሽታው ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከሚሞቱ 100 ሰዎች 39ኙን የሚገድሉት ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የወባን ትንኝ ማባረር የተማረ ባለሙያ ከእንግዲህ ስለ ጨው፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጭንቀትና ስለ እንቅልፍ ማውራት አለበት። እነዚህ ደግሞ በመርፌ የሚያልቁ ነገሮች አይደሉም፤ በጥያቄ ይጀመራሉ።

ጥያቄው ነው እንግዲህ ከባዱ። የልብ ድካም መጠርጠሪያ ተብሎ በመማሪያ መጽሐፍ የተጻፈውን እንውሰድ፤ «በስንት ትራስ ነው የምትተኛው?» ይላል። ልቡ የደከመ ሰው ጋደም ሲል ሳንባው ውኃ ስለሚቋጥር ትራስ እየደራረበ ቀና ብሎ ይተኛል። ይህን ጥያቄ የደብረ ኤልያስ ወይም የአነደድ ገበሬ ፊት አቅርቡት። መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ፣ ጋቢውን ጠቅልሎ ራሱ ሥር አድርጎ የሚተኛ ሰው ትራስ አይቆጥርም፤ «በአንድ» ብሎ ይመልሳል፣ ሐኪሙም «የለበትም» ብሎ ይጽፋል። ያው ሰው «አባባ፣ ጋደም ሲሉ ይጨንቅዎታል? ሌሊት ተነሥተው ግድግዳ ተደግፈው ያድራሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ታሪኩ ሌላ ይሆናል። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ጦስ የልብ በር የሚበላሽባቸው ወጣቶች ብዙ በሆኑበት አገር ይህ ጥያቄ ሕይወት ያተርፋል። ከቶሮንቶ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ የሥልጠና ወረቀት እንዲህ ያለውን ነገር አይነግርም። የሚነግረው እዚያው አካባቢ ያደገችው ነርስ ናት፤ ለዚህም ነው ሥልጠናው እሷን ተማሪ ብቻ ሳይሆን አስተማሪም ማድረግ ያለበት።

የትንፋሽ መቆራረጥን ለመለየት ቶሮንቶ ውስጥ ፍራንሲስ ቸንግ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ስቶፕ-ባንግ የተሰኘ መጠይቅ አለ። ስምንት ጥያቄ ነው። ያንኮራፋል? ቀን ቀን ይደክመዋል? ትንፋሹ ሲቆም ያየ አለ? ግፊት አለበት? ከመጠን በላይ ወፍሯል? ከ50 ዓመት በላይ ነው? የአንገቱ ዙሪያ ከ40 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል? ወንድ ነው? ሦስትና ከዚያ በላይ አዎ ካለ መጠርጠር ያስፈልጋል። የሚጠይቀው መሣሪያ ሚዛንና የልብስ ሰፊ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ቀጭን ገበሬ በክብደት ነጥብ ስለማያገኝ ሊያመልጥ ይችላል፤ መንጋጋው ወደ ኋላ የገባ ወይም ቶንሲሉ ያበጠ ሰው ሳይወፍርም ይታፈናልና። ልጆችም አሉ። ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ቀን ትምህርት ቤት የሚቁነጠነጥ ሕፃን ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን የዘጋው ያበጠ ቶንሲል ነው። እናት ይህን ስታይ እንጥሉ ወርዷል ብላ ወደ አስቆራጭ ልትወስደው ትችላለች፤ በዚያ ምላጭ የሚፈሰው ደምና የሚገባው መርዝ ልጁን ሊገድለው ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ እንጥል ማስቆረጥ ጎጂነት ቆይታ ታስተምራለች። ትምህርቱ ላይ የማንኮራፋቱን ምክንያት ብትጨምርበት እናትየው ወዴት መሄድ እንዳለባት ታውቃለች።

የደጋው ከፍታ ራሱ የሚያመጣው ጥያቄ አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,446 ሜትር ላይ ናት፤ ከጀርባዋ ያለው የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ከኮቪድ ወዲህ በብዙ ጤና ተቋማት ይገኛል፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል «ደጋ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ውጤት ዓለምን አስገርሟል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው ይወፍራል፣ የቲቤት ሰዎች ኦክስጅናቸው ዝቅ ይላል፤ የሰሜን ተራሮች ነዋሪዎች ግን የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የኦክስጅን መጠናቸው በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ቆላ ከሚኖር ሰው የማይለይ ማለት ነው። ይህን ያወቀ የጎጃም ሐኪም፣ ደጋ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው መለኪያው 85 ሲያሳይ አየሩን አያማርርም፤ ሳንባውንና ልቡን ይመረምራል፣ ሌሊቱንም ይጠይቃል።

ወደ እንቅልፍ ማጣት እንሂድ። «እንቅልፍ አልወስድ አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ብሎ አይገባም፤ ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራ አለብኝ ብሎ ይገባል። በጎንደርና በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት 55.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅልፋቸው ጥሩ እንዳልሆነ አሳይቷል። በዚያ ጥናት የተሠራበት የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2017 በሚዛን አማን ነዋሪዎች ላይ ተሞክሮ ለኢትዮጵያውያን አዋቂዎች እንደሚያገለግል ተረጋግጧል። መመዘኛው አለ፤ ችግሩ ከተመዘነ በኋላ የሚሰጠው መልስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዲያዜፓም ነው። ለጥቂት ሌሊት ያስተኛል፤ ሲሰነብት ሱስ ይሆናል፤ ሽማግሌን ሌሊት ለሽንት ሲነሣ አንገዳግዶ ይጥላል።

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ቀዳሚው ሕክምና ክኒን ሳይሆን የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና ነው ብሏል። በጥቂት ሳምንታት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ተነሥቶ ሌላ ቦታ ቁጭ ማለት፣ አልጋ ላይ የሚባክነውን ጊዜ ማሳጠር። ሐኪሙ ይህን ከመጽሐፍ ወደ ጎጆ ሲያወርደው መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ መሆኑን ያገኛል፤ «ሌላ ክፍል ሂዱ» ማለት የማይሆንበት ቤት ብዙ ነው። እዚያ ምክሩ መለወጥ አለበት፦ ከመደቡ ወርዶ ምድጃው ዳር በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ቀን መደቡ ላይ ማሸለብን መተው። ከዚህም በፊት መጠየቅ ያለበት ተራ ነገር አለ። ትኋንና ቁንጫ ነው የሚያስነሣው? እከክ ነው? እግሯ እረፍት አጥቶ ማታ ማታ ጉንዳን የገባበት ያህል የሚያንቀሳቅሳት ነፍሰ ጡር የብረት እጥረት አለባት? የሽንት መጨመሪያው የግፊት መድኃኒት ማታ እየተዋጠ ነው? ይህ መድኃኒት ወደ ጠዋት ሲዛወር ብቻ እንቅልፋቸው የሚመለስላቸው ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለውን ቀላል ነገር ማወቅ ነው የተከታታይ ትምህርት ዋናው ጥቅም።

ሌሊቱን ነቅቶ ያደረ ሁሉ ደግሞ በሽተኛ አይደለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራና ጎንጅ ቴዎድሮስ ስማቸው ከሊቃውንት ጋር የሚነሣ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወራት በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌት ይቆማል። ካህኑ፣ ደብተራውና ምእመኑ ነግቶ እስኪቀደስ በእግራቸው ናቸው። ይህ በፈቃድ የተመረጠ ንቃት ነው፤ ሐኪም እንደ ሕመም ቢቆጥረው ታካሚው ሁለተኛ አይመጣም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። «አባታችን፣ ማኅሌት በቆሙ ማግሥት መድኃኒትዎን መቼ ይወስዳሉ? እስከ 9 ሰዓት ሲጾሙስ?» የስኳር መድኃኒት ወስዶ እስከ ቅዳሴ መውጫ የማይቀምስ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። መጠኑንና ሰዓቱን ከጾሙ ጋር አብሮ ማስተካከል የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ ለመሥራት የጾሙን ወራት ማወቅ አለበት። ዱካክም አለ። ሰው ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ አቅቶት ደረቱ ላይ አንዳች የተቀመጠ ሲመስለው። በሕልም ሰዓት አንጎል ጡንቻን ያስራል፤ አንዳንዴ ንቃቱ ቀድሞ ይመጣና እስራቱ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ጠበል የሚሄደውን ሰው መከልከል አያስፈልግም፤ እንቅልፍ ሲጎድልና ጭንቀት ሲበዛ እንደሚደጋገም አስረድቶ፣ ገዳይ እንዳልሆነ ማረጋጋት ግን ያስፈልጋል።

ሌላ ደግሞ መንገዱ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ አባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ የሚያሸልብ ሹፌር የራሱን ብቻ ሳይሆን የጫነውን ሰው ሁሉ ነፍስ ይዞ ነው የሚያሸልበው። ለግፊት የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር «መሪ ላይ አንቀላፍተህ ታውቃለህ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አንድ ቃል ናት፤ ከብዙ የመንገድ ምልክት ትበልጣለች።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሐኪሙ የት ይማረዋል? በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው መመሪያ መሠረት የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ በዓመት ቢያንስ 30 የሲፒዲ ነጥብ ማሟላት ይጠበቅበታል። ግዴታ መደረጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ግዴታ ሲሆን ነጥብ መሰብሰብ ራሱ ግብ እንዳይሆን ያሰጋል፤ ሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ ስላይድ አይቶ ሰርተፍኬት ይዞ መመለስ ቀላል ነው። ዴቭ ዴቪስና ባልደረቦቻቸው ቶሮንቶ ሆነው የሐኪሞችን ተከታታይ ትምህርት የፈተሹ ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ግምገማ ለዚህ መልስ አለው። ንግግር ብቻ መስማት የሐኪምን አሠራር አይለውጥም፤ ሐኪሙ ራሱ የሚሠራበት፣ የሚለማመድበትና እየተመላለሰ የሚማርበት ሥልጠና ግን ይለውጣል።

በተግባር የሚሰጥ ሥልጠና ለውጥ እንደሚያመጣ ማስረጃ ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቁ ማግኘት ይቻላል። የጮቄ ተዳፋት ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር አለው። በዚህ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄድ ሰው፣ በትውልድ የተጋላጭነት ዘር ካለው፣ እግሩ ያብጣል፤ በአካባቢው የእግር ዝሆኔ የሚባለው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። መንስኤው ትል ሳይሆን አፈር መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያረጋገጠው ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶው ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳየ። ሰዎቹ ለብዙ ዘመን በእርግማን ሲታሙ፣ ከሰርግና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል።

ከዚያ ጎልቤት የተባለ ሙከራ በምሥራቅ ጎጃም ተካሄደ። 696 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ እግራቸውን በሳሙናና በውኃ በየቀኑ ማጠብ፣ ቆዳቸውን ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግር ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ተማሩ፤ ያገዟቸው የኅብረተሰብ ረዳቶች ነበሩ። ሌሎቹ ትምህርቱን ቆይተው ተማሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ መጽሔት በወጣው ውጤት፣ እግርን አቃጥሎና አሳብጦ አልጋ ላይ የሚያውለው ትኩሳታማ ሕመም በተማሩት ላይ በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ባልተማሩት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሣ። ልዩነቱ አነስተኛ ሊመስል ይችላል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሕመም ለሚሰቃይ ገበሬ ግን በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ አልጋ ላይ ከመዋል መዳን ነው። ሳሙናና ሥልጠና ነው ያመጣው። እንቅልፍም እንዲሁ ነው፤ የሚጠይቀው የሌሊት ላቦራቶሪ ከመሆኑ በፊት የሠለጠነ ሰው ነው።

መንገዱም ተጠርጓል። በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ካዘጋጀው የተወሰደው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤ ክሊኒካዊ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ ሲውል ባለሙያው ወደ ከተማ ሳይጠራ በጤና ጣቢያው ውስጥ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር፣ በእውነተኛ የሕመም ታሪክ ላይ እየተወያየ እንዲማር ተደርጎ ነው። ከምልክት ይነሣል፤ ሳል፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ሐኪሙ ሳንጂቭ አሮራ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመሩት ኤኮ የተባለ ዘዴ ደግሞ ስፔሻሊስቱንና የገጠር ሐኪሞችን በቪዲዮ እያገናኘ በየሳምንቱ በበሽተኞቻቸው ላይ ያማክራቸዋል። በሄፓታይተስ ሲ ሕክምና የገጠሮቹ ሐኪሞች ያገኙት የመፈወስ መጠን ከዩኒቨርሲቲው እንደማያንስ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ደብረ ማርቆስ ላይ ያለው ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከሉማሜና ከደጀን ባለሙያዎች ጋር እንዲህ ቢገናኙ ሐኪሙ ታካሚውን ጥሎ ሳይወጣ ይማራል። ለዚህ የሚጠቅመው ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚወጣው የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት ነው። ብቻውን ታካሚ ከሚያይ የዞን አስተማሪ ሆኖ ቢመደብ የአንዱ እውቀት ብዙ ጤና ጣቢያ ይደርሳል።

ኔትወርክና ሰላም ግን ያስፈልጋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎጃም የከፋ ግጭት ካሳለፉ አካባቢዎች አንዱ ነው። መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ ሥልጠናም አብሮ ይቋረጣል። ሌሊት በተኩስ ድምፅ የሚነሣ፣ ያየው እየመጣ የሚያቃዠው፣ ልጁን ያጣ ሰው ደግሞ ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ስፔሻሊስት ላልሆኑ ባለሙያዎች ባወጣው የጭንቀት ነክ ሕመሞች መመሪያ፣ ከአደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንቅልፍ ላጣ ሰው ዲያዜፓምን የመሰሉ መድኃኒቶች እንዳይታዘዙ፣ ይልቁንም እንዲደመጥ፣ እንዲረጋጋና ከቤተሰቡ ጋር እንዲሆን ይመክራል። በዚህ ዘመን ጎጃም ውስጥ ለሚሠራ ነርስና ጤና መኮንን ከዚህ የሚቀድም የሲፒዲ ርዕስ ማግኘት ያስቸግራል።

ሐኪሙም ሰው ነው፤ እሱም አይተኛም። ቦስተን ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ24 ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ዲዩቲ የሚወጡ ተለማማጅ ሐኪሞች አጠር ያለ ዲዩቲ ከሚሠሩት ይልቅ 36 በመቶ የበዛ ከባድ ስሕተት ሠርተዋል። በ2017 ዓ.ም ግንቦት ላይ በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ያነሱት የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንዱ ሥሩ እዚህ ነው። ኑሮውን ለመሸፈን ቀን መንግሥት ቤት፣ ማታ ክሊኒክ የሚሠራ ሐኪም ስለ ጥሩ እንቅልፍ ሲያስተምር ራሱ እያንቀላፋ ነው። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ወይም በሞጣ የእንቅልፍ ሥልጠና ሲዘጋጅ ከፊሉ ሰዓት የሆስፒታሉን የዲዩቲ ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት ይገባዋል። ሌሊቱን ሲያዋልድ ያደረ ሐኪም በማግሥቱ ኦፕሬሽን ክፍል ይገባል ወይ? ጧት በስንት ሰዓት ሥራውን አስረክቦ ይሄዳል? የዲዩቲ ክፍያውስ በወሩ ይደርሰዋል? ሜዲካል ዳይሬክተሩም በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢሰማ ይሻላል፤ ሰሌዳውን መለወጥ የሚችለው እሱ ነውና።